ሳያማችሁ ኑ

ጡረታ ስወጣ በተዘጋጀልኝ ሽኝት ላይ ንግግር ያደረገው ልጅ «ሲስተር ላሊሴ፣ በትዕግሥቷ የምትታወቅ» ብሎ ሲጀምር አንገቴን ደፋሁ። ሰው በትሕትና ነው ብሎ ገመተ። እኔ ግን ሳቄን ነበር የማፍነው። አሶሳና አካባቢዋ ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ኖሮኝም ከሆነ ገና በመጀመሪያው ዓመት አልቋል። ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ፎቶ ተነሣን፣ አለቀ። ቤቴ ገብቼ ሁለት ሳምንት ጓሮዬን ስቆፍር ከረምኩና ሲሰለቸኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ወባም ስለ ወሊድም አልጽፍም፤ እነሱን የሚጽፍ አይጠፋም። የምጽፈው ስለ አንድ ቤተሰብ አንጀት ነው። በሥራ ዘመኔ እንደሱ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

ከወለጋ ተዛውሬ ስመጣ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ቢሮው ሁሉ አዲስ ቀለም ቀለም ይላል። ማኅተም ሳይቀረጽ ኃላፊ ይሾማል፤ ኃላፊውን ሳንለምደው ግምገማ ተቀምጠውበት ይነሣል። እኔ የተመደብኩት ከአሶሳ ብዙም ሳይርቁ ከተሠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ፣ ጤና ጣቢያ ነው። መንደሮቹ የሚጠሩት በቁጥር ነበር። ነዋሪዎቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፤ ዙሪያውን ያሉት ደግሞ በርታዎች ናቸው። እኔ ኦሮሞ፣ ዘበኛችን በርታ፣ በሽተኛው ወሎዬ፤ ሁላችንንም የሚያገናኘን አማርኛና ወባ ነበር። ደመወዙ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ስለሱ ማውራት አልፈልግም።

በዚያ ዘመን ደም ያስቀመጠው ሰው የሚኖረው ሁለት በሽታ ብቻ ነው፤ አሜባ ወይም ኪንታሮት። አሜባ ከሆነ እንክብል ይሰጠዋል፣ ኪንታሮት ከሆነ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። ሦስተኛ ነገር ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም። የላቦራቶሪው ሰው ሰገራውን በማይክሮስኮፕ አይቶ «አሜባ አልታየኝም» ቢል እንኳ «ተደብቆ ይሆናል» ይባልና ያው እንክብል ይታዘዛል። ያ እንክብል በዚያ አገር የበላውን ሰው ብዛት ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሌላ ነገር እንዳለ ያስተማሩኝ ዶክተር መርዕድ ናቸው። ቀድሞ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበሩ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ሲቪል ሥራ የገቡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። በሳምንት አንድ ቀን ከአሶሳ እየመጡ የከበዱንን በሽተኞች ያዩልናል። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በረንዳው ላይ ቆመው የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት ጥፍር በትንሽ መቀስ ይቆርጣሉ። ከዚያ ዳር ዳሩን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፤ ካልተመቻቸው ይሞርዱታል። በሽተኛው እያየ ነው ይህን የሚያደርጉት። ደም ያስቀመጠው ሰው ሁሉ በጣት ሳይታይ ከክፍላቸው አይወጣም። በግራ ጎኑ ያስተኙታል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያሳጥፉታል፣ በፊቱ ነጠላ ጣል ያደርጉበታል። ጓንቱ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ዱቄት ተነስንሶበት ለስንተኛ ጊዜ የሚያገለግል ነው። ጣታቸውን ዙሪያውን ቀስ አድርገው ሲያዞሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔንም እንዲሁ አስተማሩኝ፤ ግን ሴት ነርስ እንድታየው የሚፈቅድ ወንድ በዚያ መንደር አልተወለደም።

ሌላው አመላቸው ጥያቄያቸው ነው። ጠረጴዛ ኋላ አይቀመጡም፤ ወንበራቸውን ስበው ከበሽተኛው ጎን ይሆኑና ስለ ሞቱበት ዘመዶች ይጠይቁታል። «ሲስተር፣ በምን ሞተ ብለሽ አትጠይቂ፤ ስም ይሰጡሻል» ይሉኝ ነበር። «እንዴት ሞተ ብለሽ ጠይቂ።» እውነታቸውን ነበር። በምን ሞተ ሲባል «ምች መታው» የሚለው ሰው፣ እንዴት ሞተ ሲባል «ክረምቱን ሙሉ ሲከሳ፣ ደም ሲያስቀምጠው፣ ሆዱ ሲነፋ ከረመ» ይላል። ክረምቱን ሙሉ የሚመታ ምች የለም። ዝምድናውን ማጥራትም ራሱን የቻለ ፍዳ ነበር። «ወንድሜ ሞተ» ሲሉሽ የእናት ልጅ ይሁን የአጎት ልጅ፣ ወይ በሰፈራው መኪና አብሮ የመጣ ጎረቤት አይታወቅም። «የሥጋ ወንድምህ ነው?» ስትዪው «ያው ወንድሜ ነዋ» ብሎ ይቆጣሻል።

ሰይድ አርባ ያልሞላው ገበሬ ነበር። ደም ሲያስቀምጠው ዓመት አልፎታል። በዚህ ዓመት ውስጥ ጤና ጣቢያችን እየተመላለሰ የአሜባውን እንክብል በልቷል፤ አንዱ ባለሙያ ሲሰጠው ሌላው ሳያውቅ ይደግምለታል። አልሻል ሲለው ለኪንታሮት ነው ተብሎ የባህል ሐኪም ቀብቶታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገልጬ አየሁት፤ ደም የሚባል የለበትም። ዶክተሩን ጠብቅ አልኩት። ምን እንደሚደረግ ከበሽተኞች ሰምቶ ኖሮ፣ ዶክተሩ ጥፍራቸውን መቁረጥ ሲጀምሩ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ። በሚቀጥለውም ሳምንት ሄደ። በሦስተኛው እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ሲስተር፣ ሙት ካልሽኝ እሞታለሁ፤ ይህን ግን አታስደርጊብኝ» አለኝ።

«እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» አልኩት። አነጋገሬ ጥሩ አልነበረም፤ ግን ገባ።

ዶክተር መርዕድ ጣታቸውን እንዳስገቡ ዓይናቸውን ገለጡ። ጠንካራ፣ ጠርዙ የሻከረ፣ የማይነቃነቅ እብጠት ነበር። እጃቸውን ረጅም ጊዜ ታጠቡና ከጎኑ ተቀመጡ። አባቱ ምች መትቶት ሞተ። አጎቱ ድግምት ተደርጎበት ሞተ፤ እንዲህ ነው የነገራቸው። እንዴት ሞቱ ብለው ሲጠይቁት ግን «እኔ እርሻ ላይ ነበርኩ፣ ቀብር ነው የደረስኩት» አለ። ሌላ እህት ወንድም አለህ ሲሉት «ሁሴን የሚባል ታናሽ አለኝ፣ እሱና እኔ ብቻ ነን» አለ።

አዲስ አበባ ተላከ። ሆዱን ከፍተው አዩት፣ ጉበቱ ድረስ ሄዷል፣ መልሰው ሰፉት። በዚያው ክረምት ሞተ። እስከ መጨረሻው የሕመም ማስታገሻ የምወስድለት እኔ ነበርኩ። ከሚስቱ ይልቅ እኔን ሲያይ ያፍር ነበር፤ እንክብሉን ስለሰጠነው እኛ ማፈር ሲገባን። አንድም ሰው ዓመት ሙሉ በአንድ ጣት ስላላየው፣ አንድም ሰው አባትህ እንዴት ሞተ ስላላለው የሞተ ሰው ነው።

ከቀብሩ በኋላ ቤተሰቡ ምክንያቱን አገኘ፤ ቦታው ነው አለ። ለካ አባትየው ሲሞት ከመጀመሪያው ቤት ለቀው ነበር፤ አጎትየው ሲሞት ከሁለተኛው ለቀዋል። አሁን ደግሞ መንደሩን ጥለው፣ አሶሳንም ጥለው፣ መተከል ቡለን ሊገቡ ተነሡ። ወሬው ወረዳ ደረሰ። በወቅቱ የነበረው የጤና ኃላፊ ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ሞተ የሚለውን ሲሰማ ወረርሽኝ ነው አለና ቡድን አስከትሎ መጥቶ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን ጨመረበት። መንደሩ በሙሉ ለሳምንት ሽታው አፍንጫ የሚበጥስ ውሃ ጠጣ፤ እርግማኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ «ከዚህ ጉድጓድ የሚጠጣው ጎረቤት ለምን አልሞተም?» ብዬ ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ግምገማ የመንግሥትን ጥረት ታጣጥላለች ተባልኩ።

ዶክተር መርዕድ ይህን ስነግራቸው «ሁሴን ቡለን ሄደ፣ ማንኩሽ ሄደ፣ አንጀቱን ይዞ ነው የሚሄደው» አሉኝ። አስረዱኝም፤ የአንጀት ካንሰር ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከውሃም አይመጣም፤ እንደ ዓይን ቀለም ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው። ከአንድ ሆድ ከወጡት ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል፣ ግማሹ ያመልጣል፤ ማን እንዳመለጠ ግን ፊት አይቶ መናገር አይቻልም። መጀመሪያ ትንንሽ እብጠት ሆኖ አንጀት ላይ ይወጣል፣ ሕመም የለውም። ያን ጊዜ ከተገኘ ይነቀላል፤ ካመመ በኋላ ከሆነ ሰይድን ማየት ነው። ስለዚህ ሁሴን ሳያመው መምጣት ነበረበት።

ሳያመው። ይህችን ቃል ለዚያ አገር ሰው ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። ሁሴን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ አይደክመውም። ቤቱ ሄጄ ነገርኩት፣ እርሻው ሄጄ ነገርኩት።

«አመመኝ አልኩሽ?» አለኝ።

«አላልክም።»

«ታዲያ ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? አላህ የሰጠኝን ጤና ልትነሽኝ ነው?» ብሎ ማረሱን ቀጠለ።

ከአርባ ቀኑ ሰደቃ በኋላ ሊሄዱ ነው ሲባል ሸህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ሸህ ይማም ከወሎ አብረዋቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በመንደሩ ወንድ ሲሞት ጀናዛውን የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። እንዴት ሞተ የሚለውን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አይኖርም ብዬ ነው። በራቸው ላይ ሰሌን ሲሠሩ አገኘኋቸው።

«ሸህ ይማም፣ የሰይድን አባት ያጠቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አጎቱንስ?»

«እኔው ነኝ። ሰይድንም።»

«ሆዳቸው እንዴት ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሰሌናቸው ተመለሱ። «ልጄ፣ አጣቢ ያየውን አያወራም። በእኛ ይህ ወንጀል ነው፤ የሞተ ሰው ገመናው ከአጣቢው ጋር ነው የሚቀበር።»

«እነሱማ ሄደዋል፣ ምን ይጎዳቸዋል? የሚጎዳው በሕይወት ያለው ነው።»

«አንቺስ የበሽተኛሽን ገመና ገበያ ላይ ታወሪያለሽ?»

«አላወራም።»

«እንግዲያውስ እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ተነሣሁና ቆሜ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ ልንገርዎት። ሥጋቸው አልቆ አጥንት ብቻ ነበሩ። ሆዳቸው ግን ተነፍቶ ነበር። በቀኝ በኩል፣ ከጎድናቸው ሥር፣ የጠጠረ ነገር ነበረ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁሴንም ከዓመታት በኋላ እንደዚሁ ሆኖ ይመጣልዎታል።»

እጃቸው ሰሌኑ ላይ ቆመ። ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልል እየተነጫነጭኩ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። የደከምኩበት ሁሉ ከንቱ ሆነ ብዬ ተናድጄ ነበር።

የሰይድ የአርባ ቀን ሰደቃ ላይ ተጠርቼ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ዘንድ ተቀመጥኩ። የቤቱ ዕቃ ግማሹ ታስሯል። ከምግቡ በኋላ ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ሰው አሚን ብሎ ሊነሣ ሲል በእጃቸው አስቀመጡት።

«ሁሴን» አሉ።

«አቤት፣ ሸህ።»

«ቡለን ብትሄድም፣ እዚህ ብትቀርም፣ አንተን አላጥብም።»

በዚያ መንደር ለሰው አላጥብህም ማለት ከእርግማን ይከፋል፤ ደመኛ እንኳ ሲሞት ይታጠባል። ሁሴን ፊቱ ተለዋወጠ። «ሸህ ይማም፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። መልካም ልጅ ነህ።»

«እና ለምን?»

«አባትህን አጠብኩ። አጎትህን አጠብኩ። ሰይድን አጠብኩ። አራተኛ አላጥብም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፣ አልነግርህም።»

ከሙታኑ ገመና አንድም አላወጡም። ግን ድንኳኑ ውስጥ ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። የሁሴን እናት ከአጠገቤ ነበሩ፤ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። ባላቸውን ያስታመሙ ናቸው፣ ልጃቸውንም፤ እሳቸውም ሲያዩት የኖሩትን ነገር ያን ጊዜ ለራሳቸው ያመኑ መሰለኝ። «ሁሴን፣ ነገ ከሲስተር ጋር ትሄዳለህ» አሉ። ዕቃው ተፈታ።

ዶክተር መርዕድ በጣታቸው ምንም አላገኙም። «ጣቴ የሚደርሰው እስከዚህ ድረስ ነው፣ ያ አያጽናናኝም» ብለው አዲስ አበባ ላኩት። እዚያ ብርሃን ባለው ቱቦ አንጀቱን ውስጡን አዩት። ብዙ እብጠት አገኙ፤ አንዱ መክፋት ጀምሯል። ያንን የአንጀት ክፍል ቆርጠው አወጡለት፣ ተረፈ። እስካሁን ያርሳል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታዬ የቆየው ቁስሉን ለማስጠረግ እስከመጣበት ቀን ድረስ ነው። ፋሻውን እየፈታሁለት ወሬ ሲያወራኝ «ዘይነባ ማር ላከችልኝ» አለ።

«ዘይነባ ማናት?»

«እህቴ።»

«የአጎትህ ልጅ?»

«ኧረ የእናቴም የአባቴም ልጅ ናት። ባምባሲ ነው ያለችው።»

መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ። «ሰይድም አንተም ሁለት ብቻ ነን ነው ያላችሁን።»

«እሷማ ተድራለች፣ ሲስተር። የሰው ቤት ናት» አለኝ፤ ምን እንዳናደደኝ ግራ ገብቶት። ለእሱ ቤተሰብ ማለት በአባቱ ስም የሚጠሩት ወንዶች ናቸው። እህት ስትዳር ደሟን ለአባቷ ቤት መልሳ የምትሄድ ይመስል። ምን ብዬ እንደጮህኩበት እዚህ አልጽፍም።

ከዶክተር መርዕድ ጋር ባምባሲ ሄድን። የዘይነባ ባል በርታ ነው፣ ነጋዴ። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሩ ላይ ተቀበሉን፤ ምን እንደምንፈልግ ሲሰሙ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።

«ዘይነባ አሁን የእኛ ነው» አሉ በሰባራ አማርኛቸው። «የእኛ ቤት እንደዚህ በሽታ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ወንድሙ ታመመ፣ እሱ ሌላ ቤት ነው።»

ዶክተሩ ሊያስረዱ ሲጀምሩ ዘይነባ ከውስጥ ሴት ልጇን አዝላ ወጣች። ሠላሳ ዓመቷ ነው። ገና ሳያት ዓይኗ ሥር ያለው ነጭነት ነገረኝ። ለብቻ ወሰድኳትና ጠየቅኳት።

«ደም ካየሁ ዓመት አልፎኛል» አለች።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ወንድሞቼን ስትጠይቁ ሰምቼ ነበር። የወንድ በሽታ መሰለኝ።»

አማቷ ይህን ከራሷ ከዘይነባ ሲሰሙ ከበሩ ዞር አሉ፣ ራሳቸውም ልብሷን አዘጋጁላት። ዘይነባም አዲስ አበባ ሄደች፣ ተቆረጠላት፣ መለስ አለላት። ዓመት ከመንፈቅ ደህና ሆና ቆየች፤ ከዚያ ተመልሶ መጣባት። ዶክተር መርዕድ ወደ ሌላ አገር ከመዛወራቸው በፊት ሊሰናበቷት ሲሄዱ አብሬ ነበርኩ። ስለራሷ አልጠየቀቻቸውም፤ ራስጌዋ ስለምትጫወተው ልጇ ነው የጠየቀቻቸው። «ሐያትስ?»

«ላይኖርባትም ይችላል» አሏት። «ግን ታይታ ነው የሚታወቀው። አንቺ ከታመምሽበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብላ መታየት ትጀምር። ምንም ሳያማት።»

ዘይነባ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ሞተች። ሸህ ይማምም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። በዶክተር መርዕድ ቦታ ሌላ ዶክተር፣ ከዚያም ሌላ ኃላፊ፣ ሌላ ግምገማ መጣ። የቤተሰቡን ልጆች እየተከታተልኩ ሳያማችሁ ኑ ስል ኖርኩ። የሰይድ ትልቁ ልጅ ለግድቡ ሥራ ጉባ ገብቷል። በስልክ ስለምነው «አላመመኝም እኮ ሲስተር፣ ካመመኝ እመጣለሁ» ይለኛል። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን እንዳናገርኩ ነው የምቆጥረው።

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ ክትባት ክፍል ዕቃ ስቆጥር ከጎን ካለው ክፍል የአንዲት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር። አዲስ የተመደበው ጤና መኮንን ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ያለችውን ልጅ ወዲያው አወቅኳት፣ እናቷን ነው የምትመስለው። ሃያ ዓመት ሞልቷታል።

«ምንሽን ነው ያመመሽ?» አላት።

«አላመመኝም» አለች ሐያት። «አንጀቴን ልታይ ነው የመጣሁት።»

«ደም አይተሻል?»

«የለም።»

«ሆድ ቁርጠት?»

«የለም።»

ልጁ ብዕሩን እያሽከረከረ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ለአሜባ ይሁን ብሎ መጻፍ ሊጀምር እንደሆነ ገባኝ፤ ያንን እጅ አውቀዋለሁ። «እህቴ፣ ውጪ ስንት በሽተኛ ተሰልፏል። ካላመመሽ ለምን መጣሽ?»

ልጮህበት ወደ በሩ ደርሻለሁ። ቀደመችኝ።

«እናቴ ካመማት በኋላ ነው የመጣችው» አለችው።